አውሮፕላን ሠርቶ መብረር ወይስ ገዝቶ መብረር?

የግል አውሮፕላን ሲነሣ በአብዛኞቻችን አእምሮ ውስጥ የሚመጣው የባለጸጋ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ከሥራ ሰዓት በኋላ በመኪና ማቆሚያ ቤታቸው ውስጥ ሆነው አውሮፕላን የሚሠሩ መምህራን፣ መካኒኮች፣ ሐኪሞችና ጡረተኞች በሺዎች ይቆጠራሉ። እነዚህ ሰዎች አውሮፕላኑን ከባዶ አይነድፉም። ንድፉ የተፈተነ ነው፤ ተቆርጦና ተበስቶ የተዘጋጀውን የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ የክንፉን ወጋግራና የጎን አጥንቶች፣ ከዝርዝር ሥዕልና መመሪያ ጋር ከፋብሪካ በሣጥን ይቀበላሉ። ይህ ስብስብ «ኪት» ይባላል። ቀሪው ሥራ የገዢው ነው፤ መብሳት፣ መሞረድ፣ ማያያዝ፣ ሽቦ መዘርጋት፣ ነዳጅ ማስተላለፊያ መግጠም፣ በመጨረሻም መብረር።

በዚህ መንገድ ሊጓዝ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ልሥራ ወይስ የተሠራ ልግዛ? ጥያቄው ለእኛ አገር ተማሪ ሩቅ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ለዚህ መጽሔት አንባብያን ይገባል እንላለን። ምክንያቱም ክርክሩ ጠለቅ ብሎ ሲመረመር ስለ ገንዘብ የሚደረግ ክርክር አይደለም። የአንድን መሣሪያ ዕውቀት ማን ይይዘዋል፣ መሣሪያው እጅ ሲለውጥስ ያ ዕውቀት ወዴት ይሄዳል የሚል ጥያቄ ነው። መልሱን የሳተ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሕይወቱ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ አንድ ግለሰብ በቤቱ የሠራው አውሮፕላን «የሙከራ» በሚባል ምድብ ይመዘገባል። የምድቡ ሕግ አስገራሚ ነው። አውሮፕላኑ አብላጫ ክፍሉ የተሠራው ሥራውን ለራሳቸው ትምህርት ወይም መዝናኛ ብቻ ብለው በያዙ ሰዎች መሆን አለበት። በባለሙያዎች ዘንድ «የ51 በመቶ ደንብ» የሚባለው ይኸው ነው። ፋብሪካው ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ ከሠራ፣ ወይም ባለቤቱ ሌላ ሰው ቀጥሮ ካሠራ፣ አውሮፕላኑ በዚህ ምድብ ሊመዘገብ አይችልም።

አንባቢያችን እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንሻለን። ሕግ አውጪው ዓላማው ወጪ መቀነስ ነው አላለም፤ ፈጣን መጓጓዣ ማግኘት ነውም አላለም። «ትምህርት» ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1953 ፖል ፖበሬዝኒ በሚልዋኪ ከተማ የአማተር አውሮፕላን ሠሪዎችን ማኅበር ሲመሠርቱ የጀመሩት እንቅስቃሴም በዚሁ መንፈስ የተቃኘ ነበር። ስለዚህ ክርክሩን ስንመዝን መሥፈርታችን ይኸው ቃል ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት፦ ርካሽ ነው

ሠርቶ መብረርን የሚመርጡ ብዙዎች በቅድሚያ የሚያነሡት ዋጋን ነው። የኪቱን ዋጋ ከአዲስ የፋብሪካ አውሮፕላን ዋጋ ጋር ሲያነጻጽሩ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ሆኖ ያገኙታል። ነገር ግን በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ የአውሮፕላኑ ዋጋ አይደለም። ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩ፣ የበረራ መሣሪያዎቹ፣ ሬዲዮው፣ የሽቦው ሥራና ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይገዛሉ፤ ከእነዚህም ሞተሩ ብቻውን ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ለእጅ መሣሪያዎችና ለመሥሪያ ቦታ የሚወጣውም አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጊዜ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት የኪት ቤተሰቦች አንዱ ሪቻርድ ቫንግራንስቨን እ.ኤ.አ. በ1973 ያቋቋሙት የቫንስ ኩባንያ የሚያቀርበው «አር ቪ» የተባለው ነው፤ ከዚህ ቤተሰብ ከ11,000 በላይ አውሮፕላኖች ተሠርተው በረዋል። ሁለት ሰው የሚይዘውን አር ቪ-7 ለመጨረስ በአማካይ ከ1,500 እስከ 2,000 የሥራ ሰዓት ይፈጃል ተብሎ ይገመታል። ቀለል ያለ ስሌት እናድርግ። ሠሪው በሳምንት 10 ሰዓት ቢመድብ፣ 1,500 ሰዓት 150 ሳምንት፣ 2,000 ሰዓት ደግሞ 200 ሳምንት ይሆናል። ይህም ሦስት ዓመት ከማይሞላ ጊዜ እስከ አራት ዓመት የሚጠጋ ነው፤ ያውም አንድም ሳምንት ሳይታጎል። ከአሥር ሺህ በላይ ሪቬቶች እያንዳንዳቸው ቀዳዳቸው ተሞርዶ፣ ተስተካክሎና ተመትቶ መታየት አለባቸው። በመሆኑም ጀምረው ሳይጨርሱ የሚሸጡት ብዙዎች ናቸው።

ስለዚህ ጊዜውን በገንዘብ ለሚተምን ሰው ኪት ርካሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ከ44,000 በላይ የተመረተውና በዓለም ላይ በብዛት የተሠራው ሴስና 172 በተገለገለ ገበያ ላይ በየዘመኑ ሞዴል ይገኛል። ዋጋን ብቻ ብሎ የተነሣ ሰው ወደዚያ ቢሄድ ይሻለዋል። ቁጠባን ምክንያት አድርጎ የሥራ መሣሪያ ያነሣ ሰው፣ ቁጠባው እንዳልተሳካለት ባወቀ ዕለት መሣሪያውን ያስቀምጣል። በግማሽ የቆመ ክንፍ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ውድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፦ ፈጣን ነው

ይህኛው ምክንያት እውነትነት አለው፤ ሳይንሱም ለተማሪ ጣፋጭ ነው። አር ቪ-7 እና የቅርብ ጊዜው ሴስና 172 ሁለቱም 180 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ሊበሩ ይችላሉ። ሆኖም ሴስናው በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ አር ቪ-7 ወደ 320 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ ከየት መጣ?

አውሮፕላን በፍጥነት ሲበር የአየሩ ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ መጠን ይጨምራል። ይህን ተቃውሞ ለማሸነፍ ከሞተሩ የሚጠየቀው አቅም ደግሞ ተቃውሞው በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኝ በመሆኑ በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል። 320ን ለ230 ብናካፍል 1.39 እናገኛለን፤ የዚህ ኪዩብ 2.7 ያህል ነው። ስለሆነም አንደኛው አውሮፕላን በተመሳሳይ ሞተር ይህን ያህል ከቀደመ፣ ለአየሩ የሚያቀርበው ተቃዋሚ ስፋት በግምት በ2.7 እጅ ያነሰ መሆን አለበት። ክንፍ ለማንሳት ብቻ የሚወጣውን ተጨማሪ ተቃውሞ ስላላካተትን ስሌቱ ግምት ነው፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። አር ቪ-7 አነስተኛ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ከክንፉ በታች ድጋፍ ሰጪ ዘንግ የሌለው አውሮፕላን ነው። ሴስናው አራት ሰው ይይዛል፣ ክንፉ በዘንግ የተደገፈ ነው፣ ለጀማሪ ተማሪም ይቅርታ አድራጊ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ይሁን እንጂ ፍጥነት ለመሥራት በቂ ምክንያት አይሆንም። ምክንያቱም ፈጣኑን አውሮፕላን ሌላ ሰው ሠርቶ ከጨረሰው በኋላ መግዛት ይቻላል። ፍጥነቱ ከአውሮፕላኑ ጋር ይሸጣል። አብሮ የማይሸጠው ነገር ሌላ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት፦ ዕውቀቱ

በእኛ አስተያየት ለመሥራት በቂ የሆነው ምክንያት ይህ ብቻ ነው። አራት ዓመት ክንፍ ሲሠራ የኖረ ሰው እያንዳንዱ ቧንቧ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ የትኛው ብሎን በምን ጥብቀት እንደታሰረ፣ የትኛውን ቀዳዳ አበላሽቶ እንዴት እንደጠገነው ያውቃል። አንድ ቀን በአየር ላይ ያልተለመደ ድምፅ ቢሰማ ምንጩን ለመገመት የሚያስችል ሥዕል በአእምሮው አለ። ሕጉም ይህን ያከብራል። ዋናው ሠሪ በሚገባ ከተመሰከረለት በየ12 ወሩ የሚደረገውን የአውሮፕላኑን የሁኔታ ፍተሻ ራሱ እንዲያካሂድ ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ ለዚያች አንዲት አውሮፕላን ብቻ ነው፤ አውሮፕላኗ ስትሸጥም ለገዢው አይተላለፍም። አባቶቻችን «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ያሉት እዚህ ላይ በሕግ ተጽፎ እናገኘዋለን።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም በቅርቡም ታይቷል። ከላይ የጠቀስነው ኩባንያ የፍላጎትን ብዛት ለመቋቋም አንዳንድ የአሉሚኒየም ክፍሎችን ቀዳዳ በሌዘር ማስቆረጥ ጀምሮ ነበር። ሠሪዎች ግን የሪቬቱ ራስ እንዲቀበር የቀዳዳውን አፍ ጎድጎድ ሲያደርጉ በአንዳንዶቹ ጠርዝ ላይ ስንጥቅ አዩ። አሉሚኒየሙ በሌዘሩ ሙቀት ሲቆረጥ ጠርዙ ይለወጣል፤ በኋላ ሲለጠጥም ስንጥቅ ሊጀምርበት ይችላል። ቆርቆሮውን በእጃቸው የሚይዙትና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ የሚያዩት ሠሪዎቹ ነበሩ። ይህ ችግርና ሌሎች ጫናዎች ተደራርበው ኩባንያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የኪሳራ ጥበቃ እንዲጠይቅ አደረጉት፤ አስቀድመው የከፈሉ ደንበኞችም ከፍ ያለ ዋጋ እንዲቀበሉ ተጠየቁ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥበቃው ወጥቶ ሥራውን ቀጥሏል። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። ኪት የሚገዛ ሰው የረጅም ዓመት ጥገኝነትም አብሮ ይገዛል። በሌላ በኩል ደግሞ በእጁ የሚሠራ ሰው የፋብሪካን ስሕተት ሳይቀር ለማየት ዓይን ያበቅላል።

አደጋው የሚደበቅበት ቦታ

እስካሁን የተናገርነው ሠሪውን የሚያወድስ ሊመስል ይችላል። ቁጥሮቹ ግን ትሕትና ያስተምራሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት መሠረት በአማተሮች የተሠሩ አውሮፕላኖች ከአገሪቱ የግልና የአጠቃላይ አገልግሎት አውሮፕላኖች 10 በመቶ ያህል ናቸው። ይሁን እንጂ በ2011 ከደረሱት አደጋዎች 15 በመቶ ያህሉ፣ ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች ደግሞ 21 በመቶ ያህሉ የደረሱት በእነርሱ ነው። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሞተር መቋረጥና በበረራ ላይ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አለመቻል ነበሩ።

ከዚህ ይበልጥ ያስገረመን ሌላ ግኝት አለ። በዚያ ዓመት አደጋ ከደረሰባቸው በአማተር የተሠሩ አውሮፕላኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሠሪያቸው እጅ የነበሩ አልነበሩም፤ ከሌላ ሰው የተገዙ ነበሩ። ጥናቱ አደጋ የሚበዛባቸውን ሁለት ወቅቶች ለይቷል። አንደኛው አውሮፕላኑ ገና አዲስ በሆነባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ነው፤ ሁለተኛው አዲስ ባለቤት ከገዛው ብዙም ሳይቆይ ነው።

ሁለቱም ወቅቶች በአንድ ምክንያት ይገለጻሉ ብለን እናምናለን። በሁለቱም ጊዜ በአውሮፕላኑና በአብራሪው መካከል የዕውቀት ክፍተት አለ። ሠሪው ብረቱን ያውቃል፤ ነገር ግን አራት ዓመት መዶሻና መሰርሰሪያ ይዞ በከረመበት ጊዜ የበረራ ልምዱ ደክሟል። እጁ ለሥራ በሰላበት ቀን ለመብረር ዶልዱሟል፤ የሚያበረውም ከዚያ በፊት ማንም ያላበረራትን አውሮፕላን ነው። ገዢው በተቃራኒው ሲበር የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በቆርቆሮው ሥር ያለውን አያውቅም።

የገዢው ክፍተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 12 ቀን 1997 ነው። ታዋቂው አሜሪካዊ ዘፋኝ ጆን ዴንቨር በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ የባሕር ወሽመጥ ላይ ተከስክሶ ሞተ። ያበርር የነበረው በርት ሩታን የነደፈውን «ሎንግ-ኢዚ» የተባለ አውሮፕላን ነበር፤ ሌላ ሰው በቤቱ የሠራውን እርሱ ገና መግዛቱ ነበር። ዴንቨር ጀማሪ አልነበረም፤ ከ2,700 ሰዓት በላይ በርሯል። የአደጋ መርማሪዎች እንደገለጹት ግን ሠሪው የነዳጅ መምረጫውን እጀታ ንድፉ ከሚያዘው ቦታ አንሥቶ ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ አድርጎት ነበር። እጀታው ምልክት አልተጻፈበትም፤ የነዳጅ ማያውም መለኪያ የተጻፈበት አልነበረም። አብራሪው ወደ ኋላው ዞሮ እጀታውን ለማግኘት ሲሞክር ሳያውቅ የቀኝ መሪውን በእግሩ ገፍቶ አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳቃተው ደመደሙ። ነዳጅ ሳይሞላ መነሣቱንና ከአውሮፕላኑ ጋር በቂ ልምምድ አለማድረጉንም ጨምረው አስፍረዋል።

ሠሪው እጀታው የት እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖም ያገኘው ነበር። ለእርሱ ምልክት አያስፈልገውም። ምልክቱ የሚያስፈልገው ለሚቀጥለው ሰው ነው። እዚህ ላይ የክርክራችን ፍሬ ነገር ይገኛል። ለራስ ብቻ የተያዘ ዕውቀት፣ ሥራው ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ ወጥመድ ይሆናል።

እንግዲህ አስተያየታችን

ዋና ፍላጎቱ መብረር የሆነ ሰው ይግዛ። ጊዜውንና ገንዘቡን ለነዳጅና ለልምምድ ያውለው። አማተር የሠራውን የሚገዛ ከሆነ ግን የሚገዛው የፋብሪካ ምርት ሳይሆን የአንድ ሰው የግል ሥራ መሆኑን ይወቅ። የሥራ መዝገቡንና ፎቶግራፉን ይጠይቅ፤ ከንድፉ የት የት እንደወጣ ሠሪውን ፊት ለፊት ይመርምር፤ ያንን ዓይነት አውሮፕላን በሚያውቅ መካኒክ ያስፈትሽ፤ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ላይ ካስተማረ ሰው ጋር ሳይለማመድ ብቻውን አይነሣ።

ዋና ፍላጎቱ ማወቅ የሆነ፣ በማታ መብራት ሥር ቀዳዳ ሞርዶ የሚደሰት፣ ነገ ባይበር እንኳ ዛሬ የሠራው የሚበቃው ሰው ይሥራ። እርሱም ግዴታ አለበት። እየሠራ ሳለ መብረሩን አያቋርጥ። ለአዲስ አውሮፕላን የሚታዘዘውን የ25 ወይም የ40 ሰዓት የሙከራ በረራ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ቤተ ሙከራ ሥራ ይውሰደው። በዚያ የሙከራ ጊዜ ሁለተኛ ብቃት ያለው አብራሪ አብሮ እንዲገባ የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ መንገድ ከፍቷል፤ ኩራት ይህን ዕድል ሊያስመልሰው አይገባም። ከሁሉም በላይ ደግሞ እያንዳንዱን ውሳኔ ይጻፈው።

«ሠሪ የሆነ ሰው መዝገብ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ያልተጻፈ ሥራ ግማሹ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። «የተሠራ መግዛት የሰነፍ መንገድ ነው» ከሚሉትም አንስማማም። የፋብሪካ አውሮፕላን ከበስተጀርባው የብዙ መሐንዲሶች ፈተናና የብዙ ዓመታት የአደጋ መዝገብ አለው፤ ያንን ዕውቀት ገዝቶ በትሕትና መጠቀም ስንፍና አይባልም።

ለእኛስ?

መሥራትም መግዛትም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ወረራ ዋዜማና ጅማሬ ጀርመናዊው አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ የሠራት ትንሽ አውሮፕላን በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተብላ ነበር። የውጭ ሞተር ተገጥሞላት በአገር እጅ የተሠራችው ይህች አውሮፕላን በረረች፤ በወራሪው ተወስዳ በጣሊያን ሙዚየም ከኖረች በኋላ በ2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። አካሏ ተመለሰ። በ1928 ዓ.ም. የጎን አጥንቶቿን ያያያዙት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በጣቶቻቸው የያዙት ዕውቀት ግን ወራሪው ባቋረጠው ትምህርት ተበትኖ ቀረ። በቅርብ ዓመታትም አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በራሳቸው ጥናት «ኬ-570ኤ» ያሏትን አውሮፕላን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ተነግሮላቸዋል። ፍላጎቱ እንዳልሞተ ይህ ምስክር ነው። እንዲህ ያለው ፍላጎት የተፈተነ ንድፍ፣ መርማሪ ዓይንና የጽሑፍ መዝገብ ቢያገኝ ግን ሩቅ ይሄዳል ብለን እናምናለን።

በየትምህርት ክፍላችን በቡድን የሚሠሩ ፕሮጀክቶች አሉ። የሬዲዮ ማሠራጫ፣ የፀሐይ ኃይል ማብሰያ፣ የውኃ ፓምፕ። ተማሪዎቹ ይመረቃሉ፤ መሣሪያው በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተማሪ ቁልፉን ሲነካ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው የለም። ፈርቶ ይተወዋል፣ ወይም ሳያውቅ ያቃጥለዋል። ይህ ከጆን ዴንቨር እጀታ ጋር በባሕርዩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ከመሬት አለመነሣታችን ብቻ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ልሥራ ወይስ ልግዛ የሚለው ጥያቄ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ሲገጥማችሁ አስቀድማችሁ የምትፈልጉት መሣሪያውን ይሁን ዕውቀቱን ለዩ። መሣሪያውን ከሆነ ያለ ኀፍረት ግዙ፤ የሠራውንም ጠይቁ። ዕውቀቱን ከሆነ ያለ ችኮላ ሥሩ፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ ክንፍም እንዲሁ ነው። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ እጀታው ላይ ምልክት ጻፉበት። ለእናንተ ባያስፈልግም፣ ከእናንተ በኋላ በዚያ ወንበር ለሚቀመጠው ያስፈልገዋል።